ግራ እጄ የሰው ወረቀት ላይ ነው፦ በማውስ ብቻ ብራውዘር መንዳት የምታውቁ አስተምሩኝ

ባለ ጽሕፈቷ
ጥቅምት 6፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ፣ ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ብዙም ሳይርቅ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለችኝ። ሦስት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ፣ አንድ ላሚኔሽን፣ እና ወረቀት በነከሰች ቁጥር የምትጮህ ፕሪንተር። ድሮ እንጀራችን ማመልከቻና የመመረቂያ ጽሑፍ መተየብ ነበር። አሁን ግማሽ ቀኔ የሚያልቀው የሰው ፎርም ኦንላይን ስሞላ ነው።

ችግሬን ላስረዳ። ደንበኛ ይመጣና የልደት ሰርተፍኬቱን፣ መታወቂያውን፣ ትራንስክሪፕቱን ጠረጴዛው ላይ ይዘረግፋል። ግራ እጄ እዚያ ነው፤ ጣቴ ከማነበው መስመር ሥር አይነሳም። ካነሳሁት የአያት ስም የአባት ስም ቦታ ይገባና ጉድ ይፈላል። ቀኝ እጄ ማውስ ላይ። መተየብ ሲመጣ ሁለቱም እጅ እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ፤ ግን ዛሬ ዛሬ ፎርም ማለት ከዝርዝር መምረጥ፣ ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግና ፋይል መጫን ነው። በዚህ መሀል ታብ መቀያየሩ ነው የሚገድለኝ፦ ፎርሙ፣ የደንበኛው ኢሜይል፣ ስካን ያደረግሁት ወረቀት፣ እና የቀን መቀየሪያው።

የቀን መቀየሪያው ምን ያደርግልሻል የምትሉ ካላችሁ፣ ሰው ሁሉ 7 ወይም 8 ዓመት ደምሮ የሚያበቃ ይመስለዋል። ጥር 12 ቀን 1985 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ ጃንዋሪ 20፣ 1993 ነው። ጥር 12 ቀን 1988 የተወለደው ታናሹ ግን ጃንዋሪ 21፣ 1996። የ1987 ጳጉሜ ስድስት ስለነበረች ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ሁሉ እስከ ፌብሯሪ መጨረሻ በአንድ ይገፋል። በአንድ ቀን ስህተት የተመለሰ ማመልከቻ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ሁልጊዜ አያለሁ፣ በቀን መቶ ጊዜም ቢሆን።

«ኮንትሮልና ታብ ተጫኚ» ትሉኝ ይሆናል። በየትኛው እጄ?

ባለፈው ሳምንት አንድ የሳይንስ ፋኩልቲ ተማሪ ፕሪንት ሊያስደርግ መጥቶ ስቸገር አየኝና «የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ተጭነሽ ወደ ግራ ሳቢው፣ ራሱ ባክ ያደርጋል» አለኝ። ሞከርኩ፣ ምንም የለም፤ ሜኑ ብቻ ወጣ። እሱም «ኦ፣ የኔ ላይ ነው ለካ» ብሎ ሄደ። ይሄ ነገር እውነት አለ? ካለ ምን ልጫን? ሁለቱ ኮምፒውተሮች ዊንዶውስ 10፣ አንዷ አሮጊቷ ዊንዶውስ 7 ናቸው። ሁሉም ላይ ክሮም ነው የምንጠቀመው።


ጥድፊያ
ጥቅምት 6፣ ከምሽቱ 2፡31

አለ እንጂ! ማውስ ጀስቸር ይባላል፣ ማውሱን እየሳብሽ ብራውዘሩን ማዘዝ ማለት ነው። ክሮም ስቶር ግቢና «ማውስ ጀስቸር» ብለሽ ፈልጊ፣ መጀመሪያ የመጣልሽን ጫኚ፣ አለቀ። እኔ ሦስት ዓመት ተጠቅሜአለሁ፣ አሁን የሰው ኮምፒውተር ላይ ስቀመጥ እጄ የታሰረ ይመስለኛል።


የፒያሳው ካፌ
ጥቅምት 6፣ ከምሽቱ 4፡05

ልጄ፣ ጥድፊያ ያለሽን ገና አታድርጊ። ቁጭ በይና ላውራሽ፤ እኔ እንቅልፍ የለኝም።

ፒያሳ ኢንተርኔት ካፌ ነበረኝ፣ በደቂቃ በሚከፈልበት ዘመን። ስምንት ኮምፒውተር በአንዲት የስልክ መስመር ነበር የሚጠቡት። አንድ ገጽ እስኪከፈት ደንበኛው ማኪያቶውን ይጨርስ ነበር። ያኔ ኦፔራ የሚባለውን ብራውዘር ያመጣልኝ አንድ ከውጭ የመጣ የወንድሜ ልጅ ነው። ነጻው ከላይ ማስታወቂያ ነበረበት፤ ማስታወቂያውን ያነሱት በፈረንጆቹ 2005 ነው። ኦፔራ በ2001፣ 5.10 በሚባለው ላይ ይሄን ጀስቸር አስገባ። ቀኙን ተጭነሽ ወደ ግራ ስትስቢ ወደ ኋላ፣ ወደ ቀኝ ስትስቢ ወደ ፊት። እና ኦፔራ የኋላውን ገጽ እንደገና ከኢንተርኔት አያወርድም፣ ካስቀመጠው ላይ ነበር ብቅ የሚያደርገው። በዚያ መስመር ላይ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው ያኔ የነበረ ነው። ደንበኞቼ «የጋሼ ኮምፒውተር ይፈጥናል» ይሉ ነበር። ኮምፒውተሩ አልነበረም።

አሁን ወደ ጉዳይሽ። ለምን ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ጥድፊያ ያለሽን ዓይነት ብራውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም፣ ዝም ብለሽ አትጫኚ እላለሁ? ሁለት ነገር ነው።

አንደኛው፣ እንዲህ ያለ ኤክስቴንሽን ሲጫን ክሮም የሚጠይቅሽን አንብቢ። በሁሉም ድረ ገጽ ላይ ያለሽን ዳታ ማንበብና መለወጥ ይፈቀድለት ወይ ነው የሚልሽ። መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ማውሱን ለመከታተል እያንዳንዱ ገጽ ውስጥ መግባት አለበት፣ ሌላ መንገድ የለውም። ግን አንቺ የምትከፍቺው የራስሽን ፌስቡክ አይደለም። የሰው ፓስፖርት፣ የሰው ኢሜይል፣ የሰው የልደት ቀን ነው። ኤክስቴንሽን ደግሞ ዛሬ የጥሩ ሰው ሆኖ ነገ ሊሸጥ ይችላል፤ አዲሱ ባለቤት በአፕዴት ምን እንደሚያስገባበት አንቺ አታይም።

ሁለተኛው የአገራችንን ኔትወርክ ይመለከታል። ኤክስቴንሽኑ የሚኖረው ገጹ ውስጥ ስለሆነ፣ ገጹ ካልመጣ ጀስቸሩም የለም። ነጩ ገጽ እየዞረ ቆሞብሽ «ተመለስ» ስትዪው አይሰማሽም። ሴቲንግ ገጽ ላይ አይሠራም፣ ራሱ ክሮም ስቶር ላይም አይሠራም። በጣም በፈለግሽው ሰዓት ይከዳሻል ማለት ነው።

ስለዚህ ብራውዘሩ ራሱ ውስጥ ያለውን ተጠቀሚ። ኦፔራ አሁንም አለው፤ ሴቲንግ ውስጥ ማብራት ብቻ ነው። እኔ የምጠቀመው ቪቫልዲ ነው። ከኦፔራ መሥራቾች አንዱ የነበረው ዮን ፎን ቴችነር ከወጣ በኋላ የሠራው ነው፣ የመጀመሪያው ሙሉ እትም በኤፕሪል 2016 ወጣ። ውስጡ ክሮም ራሱ የተሠራበት ክሮሚየም ስለሆነ ክሮም ላይ የሚከፈት ገጽ ሁሉ ይከፈትበታል። የማይክሮሶፍቱ ብራውዘር ኤጅም ከ2023 ጀምሮ አስገብቷል፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ስላለ ምንም መጫን አይጠበቅብሽም። ሴቲንጉ ውስጥ ባለው መፈለጊያ «ማውስ ጀስቸር» ብለሽ በእንግሊዝኛ ጻፊና አብሪው።

ዊንዶውስ 7ቷን ተያት። ክሮም በ109ኛው እትም ላይ ትቷታል፤ ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ የሚጠብቃት የለም። መተየቢያ አድርጊያት፣ የሰው ፎርም ግን አትሙይባት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዊንዶውስ ላይ የቀኝ ሜኑ የሚወጣው ቁልፉን ስትለቂ ነው እንጂ ስትጫኚ አይደለም። በመጫንና በመልቀቅ መሀል ያለችው ጊዜ ለጀስቸር ትሆናለች። ሳትንቀሳቀሺ ከለቀቅሽ ሜኑ፣ ከሳብሽ ትእዛዝ። ማክና ሊኑክስ ላይ ሜኑው ገና ስትጫኚ ስለሚወጣ እነሱ ጋ ጣጣ አለው፤ አንቺን አይመለከትሽም።

ግራ ባክ፣ ቀኝ ፎርዋርድ፣ ወደ ታች አዲስ ታብ፣ ወደ ታች ወርደሽ ወደ ቀኝ ስትታጠፊ ታብ መዝጋት። ለአንቺ ግን የእነዚህ ሁሉ ንጉሥ ሌላ ነው፦ ቀኙን ተጭነሽ ይዘሽ ጎማውን ማዞር። ታብ ከታብ ትዘያለሽ፣ ፎርም፣ ቀን መቀየሪያ፣ ፎርም፣ ቀን መቀየሪያ። ጣትሽ ከወረቀቱ አይነሳም። ኦፔራም ቪቫልዲም ላይ አለ።


ድርብ መዝገብ
ጥቅምት 7፣ ከጠዋቱ 1፡20

ለገሃር አካባቢ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ባንክ ስቴትመንትና ታክስ ፎርም ላይ ነኝ። ጋሼ በሚሉት ታሪክ አልከራከርም፤ ግን ጀስቸር ለምን አስፈለገ? ጎኑ ላይ ሁለት ቁልፍ ያለው ማውስ ግዢ። አንዷ ባክ፣ አንዷ ፎርዋርድ። ምንም መሳል የለም፣ በየትኛውም ብራውዘር ያለ ሴቲንግ ይሠራል።

ሌላው ሰው የማይጠቀምበት ጎማው ራሱ ቁልፍ መሆኑን ነው። ሊንክ ላይ ጎማውን ብትጫኚ በአዲስ ታብ ይከፈታል። ታቡ ላይ ብትጫኚ ይዘጋል። በዚህ ከሠራሽ ባክ የሚባል ነገር ራሱ አያስፈልግሽም፤ የመጣሽበት ገጽ ከነጽሑፉ እዚያው ቆሞ ይጠብቅሻል። እኔ ባክን እፈራዋለሁ። ፎርም የሚሞላ ሰው ባክን መፍራት አለበት።


ጥድፊያ
ጥቅምት 7፣ ከጠዋቱ 2፡02

@የፒያሳው ካፌ እሺ ጋሼ ተቀጣሁ 😅 ኤክስቴንሽኔን ገብቼ አየሁት፣ እውነትም «ሁሉም ድረ ገጽ» ይላል። ፋየርፎክስ ላይም እንደዚያው ነው?


የፒያሳው ካፌ
ጥቅምት 7፣ ከጠዋቱ 3፡40

ፋየርፎክስ ላይም ያው ነው፤ ጀስቸር በኤክስቴንሽን ብቻ ነው የምታገኘው። ጀስቸሪፋይ የሚባለውን ብዙ ሰው ይወደዋል፣ ኮዱም ክፍት ነው። እኔ ግን ፋየርፎክስ አቁስሎኛል። በኖቬምበር 2017፣ 57ኛው እትም ሲወጣ የድሮዎቹን ኤክስቴንሽኖች በሙሉ በአንድ ቀን ጣሏቸው። ጠዋት ከፍቼ ማውሴን ብስበው ብስበው እንደ ሞተ በሬ ዝም። ለዓመታት የለመደ እጅ በአንድ ጠዋት አይረሳም።


ባለ ጽሕፈቷ
ጥቅምት 7፣ ከቀኑ 6፡15

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ቪቫልዲን በኔ ኮምፒውተር ጫንኩት። ሌላኛው የምታግዘኝ ልጅ የምትሠራበት ነው፣ እዚያ ኤጅ ላይ አበራሁላት። ያቺ የጎማዋ ነገር… ለምን እስከዛሬ አልነገራችሁኝም?! ድርብ መዝገብ፣ ባለ ጎን ቁልፉን ማውስ አይቼ እነግርሃለሁ፤ አሁን ያሉኝን ሦስቱንም ባለፈው ዓመት ነው የገዛሁት፣ ገና አልሞቱም።


ባለ ጽሕፈቷ
ጥቅምት 21፣ ከምሽቱ 3፡00

ሁለት ሳምንት ሞላኝ። ጥሩውንም ጉዱንም ላውራ።

መጀመሪያ ጥሩው። ታብ መቀያየሩ ተፈታ። ቀኙን ይዤ ጎማዋን ክርር ሳደርጋት ደንበኛው ራሱ አያስተውልም። በመጀመሪያው ሦስት ቀን አመልካች ጣቴ የት እንደሚሄድ ግራ ገባው፤ መሀል ጣቴ ቀኙን ትይዛለች፣ አመልካች ጎማዋን ታዞራለች፤ ከዚያ በኋላ አላሰብኩበትም። ታብ መዝጊያዋም፣ ወደ ታች ወርዶ ወደ ቀኝ መታጠፏ፣ ደስ ትላለች። አንድ ሰው ሲያልቅ ኢሜይሉን ካስወጣሁት በኋላ ታቦቹን ጠረግ ጠረግ አድርጌ «ቀጣይ!» እላለሁ።

የምታግዘኝ ልጅ ኤጅ ላይ ስትስብ በስክሪኑ ላይ መስመር ይሳላል። አንድ አባት ከኋላዋ ቆመው ያያሉ። ሁለት ጊዜ ታብ ስትዘጋ አይተው «ልጄ፣ ፊርማዬን ነው እንዴ የምትለማመጂው?» አሏት። እኔ ላሚኔሽኑ ጋ ነበርኩ፣ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እሳቸው ግን የምራቸውን ነው። አስረድታቸው እስኪገባቸው የሚቀጥለው ሰው ተቆጣ። መስመሩን ሴቲንጉ ውስጥ ገብተን አጠፋነው።

አሁን ጉዱ። ባለፈው ማክሰኞ አንዲት እናት የልጃቸውን የውጭ ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ አመጡ። የማን እንደሆነ ልተወው። ረጅም ፎርም ነው፤ አራተኛው ገጽ ላይ ደርሻለሁ። ልጅቱ ያጻፈችውን ድርሰት ከዎርድ ኮፒ አድርጌ ሳጥኑ ውስጥ ፔስት ላደርግ ቀኙን ተጫንኩ። እኔ ፔስት የማደርገው በቀኝ ክሊክ ነው፣ ግራ እጄ ወረቀት ላይ ነው ብያችኋለሁ። እጄ ትንሽ ወደ ግራ ሸርተት አለች። ባክ። ገጹ ሄደ። ወደ ፊት ብመልሰው ጊዜው አልፏል፣ ከመጀመሪያው ጀምሪ አለኝ። አራቱም ገጽ ባዶ።

እናትየው ምንም አልተናገሩም። ነጠላቸውን አስተካክለው ቁጭ አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እንደገና ስሞላ አንድ ሰዓት ፈጀሁ፣ ገንዘብም አልተቀበልኳቸውም።

ጋሼ፣ ይሄን ነገር ምን ላድርገው? ታብ መቀየሪያውን መልቀቅ አልፈልግም።


የፒያሳው ካፌ
ጥቅምት 21፣ ከምሽቱ 4፡22

አይዞሽ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ባክን ከፎርም ጋር አብሬ መንገር አልነበረብኝም። እኛ ያኔ ገጽ ነበር የምናነበው፣ ፎርም የሚሞላ ሰው ጥቂት ነበር። ድርብ መዝገብ በመጀመሪያው ቀን ተናግሮት ነበር፤ ሰምቼ አለፍኩት።

ቪቫልዲ ሴቲንግ ውስጥ ማውስ የሚለው ክፍል ግቢ። ጀስቸሮቹ ተዘርዝረው አሉ፤ ወደ ግራ ብቻ የሚለውን ሰርዢው። ባክን ከፈለግሽው እጅሽ ሳታስቢው የማይሠራውን ምልክት ስጪው፤ ወደ ታች ወርዶ ወደ ግራ የሚታጠፍ ለምሳሌ። ቀጥ ያለ አንድ መስመር ሸርተት በማለት ይሠራል፤ መታጠፊያ ያለው ግን አስበሽ ካልሳልሽው አይወጣም። እዚያው ቦታ መስመሩ ስንት ፒክስል ሲረዝም እንደ ጀስቸር እንደሚቆጠር መወሰኛ አለ፤ ከፍ አድርጊው። ታብ መዝጊያውን አትንኪው፣ እሱ ቀድሞውኑ መታጠፊያ አለው። በስህተት ብትዘጊም ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቲ ታቡን ይመልሰዋል፣ ግን በፎርሙ ውስጥ የጻፍሽው አብሮ ይመለሳል ብለሽ አትመኚ።

አንድ ጥያቄ፦ ማውስሽ ምን ላይ ነው የምትሄደው?


ባለ ጽሕፈቷ
ጥቅምት 21፣ ከምሽቱ 4፡30

ጠረጴዛው መስታወት ነው ጋሼ። ከመስታወቱ ሥር ሰው እንዲያያቸው የናሙና ፎርሞች አስቀምጫለሁ።


ድርብ መዝገብ
ጥቅምት 21፣ ከምሽቱ 4፡41

ነገሩ ተገኘ። ባለ መብራት ማውስ በመስታወት ላይ መንገዱን አያይም፤ መብራቱ የሚያነበው የገጹን ሻካራነት ነው፣ መስታወት ደግሞ የለውም። እጅሽ ሳይንቀሳቀስ ቀስቱ ይዘላል። ሸርተት ያለው እጅሽ ላይሆን ይችላል። የማውስ ፓድ እስክትገዢ አንድ ነጭ ኤ4 ወረቀት በፕላስተር ለጥፊበት፤ ወረቀት አያጣሽም መቼም።


ባለ ጽሕፈቷ
ጥቅምት 25፣ ከምሽቱ 1፡50

ኤ4ዋን ለጠፍኩ። እውነትም ቀስቱ ረጋ። ቀጥታ ግራን ሰረዝኩ፣ ባክን ታች ከዚያ ግራ አደረግሁት፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ አልፈለግሁትም፣ ሊንኩን ሁሉ በጎማው ነው የምከፍተው። የልጅቷን ኤጅ ላይም እንዲሁ ግራውን አነሳን። እሷ ግን ኮንትሮልና ታብ ይሻለኛል ብላለች፤ ወጣት ናት፣ ወረቀቱን በዓይኗ ትይዘዋለች።

ዛሬ ያቺ እናት ተመልሰው መጡ። የልጃቸው ሰነድ ተጨማሪ ስካን ተጠይቆ ነው። ከመቀመጣቸው በፊት ማውሴን አዩአትና «ዛሬ ቀስ ብለሽ ነው» አሉኝ።